የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል

ነርስ ነኝ። ቤት ለቤት እየሄድኩ ስትሮክ የጣላቸውን፣ ዳሌያቸው የተሰበረውን፣ በእርጅና አልጋ የያዙትን እረዳለሁ። አንድ ቤት ስገባ የደም ግፊት ከመለካቴ በፊት ብርድ ልብሱን ገልጬ ተረከዝ እዳስሳለሁ።

የአልጋ ቁስል ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው የሚነሳው። በአጥንትና በፍራሽ መሃል የተጨፈለቀ ሥጋ ደም አይደርሰውም። ለሰዓታት እንደዚያ ከቆየ ይሞታል። ላይ ላዩ ገና ትንሽ ጠቆር ሲል ታች ያለው ጉዳት ሰፊ ሊሆን ይችላል። መጻሕፍቱ «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ፤ እኛ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ በእጃችሁ ፈልጉት። ከአካባቢው የሞቀ፣ ጠጠር ያለ ወይም እንደ ሊጥ የላላ፣ ሲነካ የሚያም፣ ወደ ሐምራዊ የጠቆረ ቦታ ካገኛችሁ ነገሩ ጀምሯል። ጭራ አጥንት፣ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላና ጆሮ አይታለፉም። ጠዋትና ማታ ሰውነታቸውን ስታጥቡ አብራችሁ ዳስሱ።

እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኙ አትሹት። አደራ! በቅቤ፣ በቫዝሊን፣ በአልኮል ማሸት በየቤቱ አለ፤ ከፍቅር እንደሚመጣም አውቃለሁ። ግን የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ያደቅቀዋል። አልኮሉ ደግሞ ቆዳውን ያደርቃል። ያ ቦታ የሚፈልገው እንዳይጫኑት ነው። ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ በኩል አይተኙ።

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ ጠዋት 12 ሰዓት በግራ፣ 2 ሰዓት በጀርባ፣ 4 ሰዓት በቀኝ፣ እያለ ይቀጥላል። ያገላበጠው ሰው ምልክት ያድርግ። አለበለዚያ «አንቺ ያደረግሽው መስሎኝ» ይመጣል።

በጎን ስታስተኙ ሙሉ ክብደታቸው ዳሌ ላይ አይረፍ። ትንሽ ብቻ፣ 30 ዲግሪ ያህል ጋደል ይበሉ። ከትከሻ እስከ ወገብ ከኋላቸው ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ አስደግፉ። አሁን እጃችሁን ከጭራ አጥንታቸው ስር አስገቡ። አጥንቱ ፍራሹን ካልነካ ልክ ናችሁ። በጉልበቶቻቸው መሃልም ስስ ትራስ ይግባ። ለተረከዝ ደግሞ ትራሱን ከባታቸው ስር በቁመቱ አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይቅር፤ ወረቀት በስሩ ሳይነካ ማለፍ አለበት። ውሃ የተሞላ ጓንት ወይም እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅ አታድርጉ። መሃሉን አድናለሁ ሲል ዙሪያውን ይጫናል።

ሰው የማይጠረጥረው የጠያቂን ሰዓት ነው። እንግዳ ሲመጣ «እማዬ፣ ቀና በይ» ተብሎ ትራስ ይደረደራል። ከዚያ ሰውነት ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀራል፤ አጥንቱ ይወርዳል፤ በመሃል ያሉት ትንንሽ የደም ስሮች ይጎተታሉ። የምከታተላቸው አንዲት እናት ሁሌ እሁድ ማታ ጭራ አጥንታቸው አካባቢ ይጠቁር ነበር። እሁድ ደግሞ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። የራስጌውን ከፍታ ቀነስን፣ ከጉልበታቸው ስር ትራስ ጨመርን፣ እንግዶቹን ፊታቸውን ማየት እንዲችሉ በርጩማ ላይ ከጎናቸው አስቀመጥን። ጥቁረቱ ቀረ። ለምግብ ግን ቀና ማለት ግዴታ ነው፤ ትን እንዳይላቸው ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩና ዝቅ ይበሉ።

ወደ ላይ ስትመልሷቸው ብብታቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ የታጠፈ አንሶላ ከስራቸው ይኑር። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዝና አንስቶ ያስቀምጥ።

አንሶላው አይጨማደድ። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የማተብ ቋጠሮ፣ ከጭን ስር የገባ የካቴተር (የሽንት ማውጫ) ቱቦ፣ ሁሉም ይቆረቁራል፤ እሳቸው ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ላስቲክ በቀጥታ ከቆዳቸው ስር አይነጠፍ፣ ያልባል። ዳይፐር እንደረጠበ ይቀየር። በለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ ሳትፈትጉ በጨርቅ እየነካካችሁ አድርቁ፤ ከዚያ ስስ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለው ቅባት ይበቃል።

ፍራሹንም ፈትሹት። እሳቸው ተኝተው እያለ እጃችሁን ከመቀመጫቸው ትይዩ ከፍራሹ ስር አስገቡ። አጥንታቸው ከተሰማችሁ ስፖንጁ ሞቷል፣ ይቀየር። በኤሌክትሪክ የሚነፋው የአየር ፍራሽ አቅም ላለው ጥሩ ነው፤ ማገላበጥን ግን አይተካም።

ገንቢ ምግብ ከሌለ ቆዳ አይጠገንም። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ስጧቸው። ውሃም አይርሱ። ጾም ከሆነና «አልፈታም» ካሉ የንስሐ አባታቸውን ጥሩላቸው፤ ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚፈታ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ይቀበላሉ።

ቆዳው ከተላጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ለጤና ባለሙያ አሳዩ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ቡናም ጂቪም (ሐምራዊውን የቁስል ቀለም) አታድርጉበት። ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ካለው፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው። በመኪና ስትወስዷቸውም በቆሰለው ጎን አታስተኟቸው።