ነጥቡ ገደል ውስጥ ሲወድቅ፦ የቅርስ ምዝገባ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከመንዝ የጥንት መቃብር ክምሮች ኢፋት ውስጥ ኖራ በተባለው ቦታ እስካለው የመስጊድ ፍርስራሽ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቅርስ ሊመዘግብ የሚወጣ ሰው ዛሬ ጂፒኤስ፣ ካሜራና ላፕቶፕ ይይዛል። ደጋግመው የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ አምባው ጫፍ ላይ ቆማችሁ የለካችሁት ክምር ካርታው ላይ ገደል ውስጥ ገብቶ ይታያል።

ምክንያት፦ ነጥቦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከ200 ሜትር በላይ ከሸሹ መሣሪያው አልተበላሸም። የቆዩት ባለ 1፡50,000 የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (የቦታ ቁጥሮች በሚቆጠሩበት መሠረት) የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው የሚሠራው። ቁጥሮቹ ቢመሳሰሉም መነሻቸው ሁለት ነው።

መፍትሄ፦ ኪው ጂ አይ ኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ለጂፒኤሱ ነጥቦች (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው ዩ ቲ ኤም፣ ዞን 37) የመነሻ ኮድ 32637፣ ስካን ለተደረገው ካርታ 20137 ስጡ። ሁለቱን መነሻዎች የማዛመጃ ምርጫ ከመጣ ለኢትዮጵያ የተባለውን ውሰዱ። ነጥብ በእጅ ጎትታችሁ እንዳታስተካክሉ! ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው የቱ የተለካ፣ የቱ የተጎተተ እንደሆነ መለየት አይችልም።

ነጥቡ ጭራሽ ሌላ አገር ከሄደ ቁጥሮቹ ተገላብጠዋል። መንዝ ላይ የምሥራቁ ቁጥር 6 አሃዝ፣ የሰሜኑ 7 አሃዝ ነው። (የመቃብር ክምር ትክክለኛ ቦታ በቴሌግራም አይላክ፤ ቆፋሪ ይቀድማችኋል።)

ምልክት፦ ፎቶውና የመስክ ደብተሩ አይገናኙም።

ምክንያት፦ ደብተሩ «ጥቅምት 5 ቀን 2017፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል፤ ካሜራው ደግሞ ያንኑ ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 15 ቀን 2024፣ 9 ሰዓት ብሎ መዝግቧል። እኔ ይህን ሳላስተውል የሁለት ጉድጓድ ፎቶዎች ቀላቅዬ፣ ለመለየት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አፈሩ አንዴ ከተቆፈረ ተመልሶ አይታይምና ያ ፎቶ ብቸኛው ማስረጃ ነው።

መፍትሄ፦ በየጠዋቱ የመጀመሪያው ፎቶ የዕለቱ ደብተር ገጽ ይሁን፤ ቀኑና ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ። ወደ ኤክሴል ስታስገቡ፣ ጉድጓድ 5 ንብርብር 2 ለማለት «5/2» ብትጽፉ ወደ ቀን ይቀይርባችኋል፤ ዓምዱን አስቀድማችሁ ወደ ጽሑፍ ለውጡት።

ምልክት፦ ከብዙ ፎቶዎች ተገጣጥሞ የተሠራው የግድግዳው የሦስት አውታር (3ዲ) ምስል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

ምክንያቱ ፎቶዎቹ መራራቃቸው ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ይድገም፣ ዙም አትንኩ፣ ጥላው ሳይዞር ጨርሱ። ፎቶው ውስጥ የሚታይ መለኪያ ሜትር አስቀምጡ፤ አለዚያ የግንቡን ቁመት ከምስሉ መለካት አይቻልም።