የሕንፃ አሳንሰርን ለደኅንነት ፍተሻ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

የምኖርበት ሕንፃ 12 ፎቅ አለው። በነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ አራት ዓመት ስሠራ የአሳንሰሩ ጉዳይ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ለመጀመሪያው ፍተሻ ሁለት ቀን ሙሉ ተዘጋጀን፤ ካቢኑን ወለወልን፣ መስተዋቱን አጸዳን፣ የተቃጠሉ አምፖሎችን ለወጥን። ተቆጣጣሪው መስተዋቱን ዞር ብሎም አላየውም። ጣሪያ ላይ ወዳለው የማሽን ክፍል ወጣና "ዋናውን ማጥፊያ ዝጉልኝ" አለ። ካቢኑ ውስጥ የነበረው ባልደረባው በጨለማ የአደጋ ደወሉን ተጫነ። ታች ያለነው ምንም አልሰማንም። ፍተሻውን ሳናልፍ ቀረን።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እነሆ።

ዝግጅቱን ለአንድ ቀን አያድርጉት

የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ያሉበት ሕንፃ የሥራ ቦታ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት አስቀድሞ ሳያሳውቅ መግባት ይችላል። ስለዚህ "ሲመጡ እናስተካክላለን" ማለት አይሠራም።

ሰነዶቹን ያሰባስቡ

የሕንፃው መጠቀሚያ ፈቃድ፣ የአምራቹ መመሪያ፣ የጥገና ውልና የጥገና መዝገብ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። መዝገቡ ላይ "ታይቷል" ተብሎ ብቻ ከተፈረመ አይቀበሉ። ምን ታየ? የትኛው ዕቃ ተለወጠ? ዝርዝሩን ለመጻፍ የሚያንገራግር ባለሙያ በእኔ እምነት ሥራውንም በትክክል አልሠራም።

ካቢኑን በራስዎ ይፈትሹ

ማስመሪያ ይዘው በየፎቁ ይቁሙ። የካቢኑና የፎቁ ወለል ልዩነት ከ10 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አረጋውያን የሚደናቀፉት እዚያች ላይ ነው። በሩ ሲዘጋ ካርቶን ያስገቡበት፤ ተመልሶ መከፈት አለበት። እጅዎን አያስገቡ።

የጭነት ማስጠንቀቂያውን ከባለሙያው ጋር ይሞክሩት። ሰሌዳው ላይ 630 ኪሎ፣ 8 ሰው የሚል ከሆነ 15 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። 750 ኪሎ ነውና አሳንሰሩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ አልንቀሳቀስም ማለት አለበት።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይጠይቁ። በር አልዘጋ ብሎ አሳንሰሩ ሲቆም አንዳንድ ጠጋኞች የበሩን መቆለፊያ መቆጣጠሪያ በቁራጭ ሽቦ ያገናኙትና ሥራ ያስጀምሩታል። ነዋሪው አሳንሰሩ ተሠራ ብሎ ይደሰታል። እንዲህ የተደረገ አሳንሰር ግን በሩ ክፍት ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው የሚቆርጠውም ይኸው ነው። ባለሙያው የአንድ ፎቅ በር ክፍት ሳለ ካቢኑ እንደማይንቀሳቀስ በዓይንዎ ያሳይዎት።

የታችኛው ጉድጓድ

ካቢኑ ከሚወርድበት በታች ወዳለው ጉድጓድ የሚገባው ባለሙያው ብቻ ነው። ውሃ ካቆረ ይመጠጥ፣ ቆሻሻው ይጠረግ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። የዛገ ብረት ካለ ቀለም ቀብተው አይሸፍኑት፤ ለተቆጣጣሪው ራስዎ ያሳዩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2017 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በተካሄደ ትርዒት ላይ ፋየር ቦል የተባለው ሰዎችን አሳፍሮ የሚወዛወዝ መጫወቻ ክንዱ ተሰብሮ የ18 ዓመት ወጣት ሞቷል፤ ሌሎች ሰባት ሰዎች ተጎድተዋል። መጫወቻው ተፈትሾ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። አምራቹ በኋላ እንዳስታወቀው ብረቱን የበላው ዝገት ከምሰሶው ውስጥ ነበር፤ ከውጭ አይታይም። ፈታሽ የሚያየው የተከፈተለትን ነው። እርስዎ የሚያውቁትን ጉድለት ከእሱ መደበቅ በልጆችዎ ላይ መፍረድ ነው።

መብራት አጥፍቶ መሞከር

ከሁሉም የሚከብደውና ሰው የሚዘለው ይህ ነው። እኛ አገር መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ ሰው አሳንሰር ውስጥ የሚቀረውም በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው። "ጄኔሬተር አለን" የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያልፈው ጊዜ አለ፤ ነዳጅ የሚያልቅበት ሌሊትም አለ። "ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል" የሚሉም አሉ። በብረት ሣጥን ውስጥ ስልክ ላይሠራ ይችላል።

በቀን፣ ባለሙያው ባለበት፣ በየፎቁ ማስታወቂያ ለጥፈው ይጀምሩ። ጤነኛና የማይደነግጥ አንድ ሰው ካቢኑ ውስጥ ይግባ። ካቢኑ በሁለት ፎቅ መካከል ሳለ ባለሙያው ዋናውን ማጥፊያ ይዝጋ። አሁን አራት ነገር ይከታተሉ። የካቢኑ የአደጋ መብራት በራሱ በርቷል? ደወሉ ይሰማል? በኢንተርኮሙ በሁለቱም በኩል መነጋገር ይቻላል? ካቢኑን በባትሪ ወደ ቅርብ ፎቅ የሚያደርስ መሣሪያ ካለስ ሥራውን ሠርቷል?

የእኛ ደወል ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ከሚጠፋው መስመር ነበር። ባትሪ ተገዝቶለት ነበር፤ ግን ደክሞ ሞቷል። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ባትሪ ቶሎ ያረጃል።

ሰውየውን ካወጡ በኋላ ኃይሉን ሳይመልሱ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ኢኤን 81-20 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የአደጋ መብራት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እንዲቆይ ይጠይቃል። አሥር ደቂቃ አብርቶ የሚጠፋ መብራት ውስጥ ላለ ሕፃን ምን ይጠቅመዋል?

ሙከራውን ማታም ይድገሙት፤ ማታ ግን ካቢኑ ፎቅ ላይ ቆሞ በሩ ተከፍቶ ሳለ ደወሉን መጫን ይበቃል። የእኛ ደወል ቀን ላይ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ በደንብ ይሰማል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን የጥበቃ ሠራተኛው ያለው ውጭ፣ በር ላይ ነው። ሁለተኛ ደወል ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስተከልን።

ቁልፉ

ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። ከፎቅ በሮች ውጭ በኩል ያለውን መቆለፊያ የሚከፍት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ አለ። ሰው ሲቀር ቶሎ ይወጣል ብዬ ቁልፉን ለጥበቃ ሠራተኛው የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተያዙ። የጥበቃ ሠራተኛው ሮጦ አምስተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፈተ። ካቢኑ ግን ከእሱ በላይ ነበር። በጨለማው ውስጥ ካቢኑ ያለ መስሎት እግሩን አነሳ። ከኋላው የነበረ ጎረቤት ቀበቶውን ይዞ ባይጎትተው ኖሮ ከሥሩ አምስት ፎቅ ባዶ ነበር። እኒያ እናት ውስጥ ሆነው ደኅና ነበሩ፤ ለሞት የቀረበው ሊያድናቸው የመጣው ነው።

ቁልፉ ሥልጠና በወሰደ ሰው እጅ ብቻ ይሁን፤ በፊርማ ይሰጥ፣ በፊርማ ይመለስ። የማሽን ክፍሉም ይቆለፍ፤ "ፍሬኑን ለቀቅ አድርጌ ላውርዳቸው" የሚል ደፋር አይጠፋም። የአሳንሰር ፍሬን ኃይል ሲቋረጥ በስፕሪንግ ጨምቆ ይይዛል። በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ሆኖ ሚዛን የሚጠብቀው ተቃራኒ ክብደት ደግሞ ከባዶው ካቢን ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው የያዘ ካቢን ፍሬኑ ሲለቀቅ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ይህን በማያውቅ ሰው እጅ ምን እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

ለጥበቃ ሠራተኞች ያስተማርነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። በኢንተርኮም ማነጋገር፣ ካቢኑ እንደማይወድቅ መንገርና በሩን ለመፈልቀቅ እንዳይሞክሩ ማሳሰብ፣ ለጥገና ባለሙያው መደወል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለሙያው ከዘገየ ወይም ውስጥ ያለው ሰው ከታመመ ወደ እሳትና አደጋ ኮሚሽን 939 ይደውላሉ። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል።

በፍተሻው ቀን

የጥገና ባለሙያው በአካል ይገኝ፤ ፍሬኑን፣ ገመዱንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን የሚያስፈትሸው እሱ ነው። የተገኘውን ጉድለት በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ማን በስንት ቀን እንደሚያስተካክለው እዚያው ይወስኑ። "አይሠራበት" የተባለ አሳንሰር ቆሞ ይቆይ፤ ነዋሪው ቢቆጣም ይታገሡት። እኛ ዘጠኝ ቀን በደረጃ ወጥተን ወርደናል።

ባትሪው ሲለወጥ የተለወጠበትን ቀን በማይለቅ ቀለም እላዩ ላይ ይጻፉበት።