ጭነት የያዘ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መንገድ ላይ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የኤሌክትሪክ ብስክሌት መንገድ ላይ ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ባትሪውንና ሞተሩን ነው። ዕቃ ጭኖ በሚሄድ ብስክሌት ላይ ግን ፍተሻው መጀመር ያለበት ከጭነቱ ነው፤ የጎማ መተንፈስ፣ የቸርኬ ሽቦ መሰበር፣ የመሪ መንቀጥቀጥ፣ አልፎ ተርፎም የሞተር መቋረጥ ብዙ ጊዜ መነሻቸው የጭነቱ ክብደት ወይም የተቀመጠበት ቦታ ነውና።

የትኛውንም ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ወደ መንገዱ ዳር ይውጡ፣ ብስክሌቱን ያጥፉ፣ ባትሪው የሚነቀል ከሆነም ይንቀሉት። ፔዳሉ ሳይታሰብ ሲዞር ወይም የፍጥነት መስጫው ሲነካ ጎማው በድንገት ሊሽከረከርና ጣት ሊጎዳ ይችላል። ቦርሳዎቹን ሳያወርዱ ብስክሌቱን ለመገልበጥ አይሞክሩ፤ ሲገለብጡትም ክብደቱ በስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ከመሪው ግራና ቀኝ ሥር አንድ ነገር ያስደግፉ።

መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የኋላው ክፍል ይወዛወዛል

ይህ ምልክት በተለይ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ይታያል። በዚያች ቅጽበት የፊት ፍሬንን አጥብቆ መያዝ ነገሩን ያባብሰዋል። ፔዳል መምታትዎን ያቁሙ፣ የብስክሌቱን የላይኛውን ብረት በጉልበቶችዎ መሃል ያዝ ያድርጉት፣ መሪውን ሳያንቁ በኋላው ፍሬን ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ያውርዱ።

መንስኤው በአብዛኛው ከፍ ብሎና ወደ ኋላ ርቆ የተጫነ ክብደት ነው። ከኋላው ጎማ መሃል ወደ ኋላ አልፎ የተቀመጠ ዕቃ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ የፊቱ ጎማ ሲቀል ደግሞ መሪው በትንሽ ጉድጓድ ይናወጣል። ከባዱን ዕቃ በጎን ቦርሳዎቹ ታችኛ ክፍል፣ በተቻለ መጠን ወደ ፊት አስጠግተው ያስቀምጡ፤ ግራና ቀኙንም ያመጣጥኑ። በመጫኛው አናት ላይ መቀመጥ ያለበት እንደ ልብስና ዝናብ መከላከያ ያለ ቀላል ነገር ብቻ ነው። ከባድ ዕቃ በጀርባ ቦርሳ መሸከም አማራጭ መስሎ ቢታይም የአሽከርካሪውን የክብደት ማዕከል ከፍ ስለሚያደርግና ትከሻን ስለሚያደክም ለረጅም መንገድ አይመከርም።

ክብደቱን ማስላትም ያስፈልጋል። በብዙ የኋላ መጫኛዎች ላይ የሚችሉት መጠን፣ ለምሳሌ 25 ወይም 27 ኪሎ ግራም፣ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ አምራቹ ለብስክሌቱ በአጠቃላይ የፈቀደው ክብደት ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱን፣ አሽከርካሪውንና ዕቃውን አንድ ላይ የሚያካትት ስለሆነ ከመጫኛው በፊት የሚያልቀው እርሱ ሊሆን ይችላል። የተፈቀደው 130 ኪሎ ግራም፣ ብስክሌቱ 26፣ አሽከርካሪው 85 ከሆነ ለዕቃ የሚቀረው 19 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ መጫኛው 25 እችላለሁ ቢልም ጥቅም የለውም። ባትሪው በመጫኛው ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ የባትሪው 3 ወይም 4 ኪሎ ግራም ከመጫኛው አቅም ላይ ይቀነስ እንደሆነ መመሪያውን ያንብቡ።

ጭነቱ የተስተካከለ ሆኖ ውዝዋዜው ካልቆመ መጫኛውን በእጅዎ ወደ ጎን ይግፉት። የሚላወስ ከሆነ ቡሎኖቹ ላልተዋል። አብዛኞቹ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውና በ4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚጠብቁ ናቸው። አንዱ ወድቆ ከጠፋ የውሃ ጠርሙስ መያዣው የታሰረበት ቡሎን በአብዛኛው ተመሳሳይ ውፍረትና ጥርስ ስላለው ከዚያ ነቅለው መተካት ይችላሉ፤ ርዝመቱ ግን በቂ ጥርስ መያዙን ያረጋግጡ። ሁለት ጎማዎችም በቂ ንፋስ እንዳላቸው ሳያዩ ፍተሻውን አይጨርሱ።

ከቦርሳው በኩል የመምታት ወይም የመፋተግ ድምፅ ይሰማል

ተረከዝ ቦርሳውን የሚመታ ከሆነ ማንጠልጠያውን ወደ ኋላ ያንሸራትቱ፤ ቦርሳው ራሱ የሚዘል ከሆነ የታችኛው መያዣው አልተቆለፈም ማለት ነው። የተንጠለጠለ ማሰሪያ ከሁሉ ይከፋል፤ በጎማው ሽቦዎች ተጠልፎ ከተጠመጠመ ጎማውን በአንድ ጊዜ ሊያስቆም ስለሚችል ትርፉን ሁሉ ጠቅልለው ያስሩ። ሞተሩ በኋላው ጎማ መሃል በሆነ ብስክሌት ላይ ደግሞ ከጎማው ዘንግ የሚወጣው የሞተር ገመድ በቦርሳው መንጠቆ እየተፋተገ እንዳይላጥ ይመልከቱ።

የኋላው ጎማ ተነፈሰ

ሁልጊዜ የሚያስመርረው ይህ ነው፤ ክብደቱም፣ ሞተሩም፣ ዕቃውም የሚያርፈው በኋላው ጎማ ላይ ነውና። ሞተሩ በጎማው መሃል ከሆነ መልካሙ ዜና ለአንድ ቀዳዳ ብሎ ጎማውን መንቀል አለማስፈለጉ ነው። እሾሁን ወይም ስብርባሪውን ከውጭ ያግኙ፣ የውጩን ጎማ አንዱን ጠርዝ ብቻ ከቸርኬው ያላቅቁ፣ የውስጡን ጎማ በዚያ በኩል ስበው አውጥተው እዚያው ይለጥፉ። የሚለጠፈው ቦታ በሸካራ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባል፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ልጣፊው በኃይል ተጭኖ ይያዛል። ብዙ ልጣፊ የሚላቀቀው ማስቲሹ ሳይደርቅ በችኮላ በመለጠፉ ነው።

ከመዝጋትዎ በፊት ግን ቀዳዳውን ያንብቡት፤ ምክንያቱን ሳያገኙ የለጠፉት ጎማ ትንሽ ርቆ እንደገና ይተነፍሳል። ጎን ለጎን ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ካዩ ጎማው ንፋስ አንሶት ሳለ በጭነቱ ተጫኖ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጧል፤ መፍትሄው በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ሳያልፉ የኋላውን ከባዶ ጉዞ ይልቅ ጠንከር አድርጎ መሙላት ነው። ወደ ውጭ በሚያይ ጎን ያለ አንድ ቀዳዳ የእሾህ ወይም የጠርሙስ ስብርባሪ ሥራ ስለሆነ የውጩን ጎማ ውስጠኛ ገጽ በጨርቅ ዳብሰው የቀረውን ያውጡ፤ ባዶ ጣት ይቆረጣል። ወደ ቸርኬው በሚያይ ጎን ያለ ቀዳዳ የሽቦ ጫፍ እንደወጋው፣ ከቫልቩ ሥር ያለ መቀደድ ደግሞ ጎማው ንፋስ አንሶት በሞተሩ ጉልበት በቸርኬው ላይ እንደተንሸራተተ ይጠቁማል፤ የኋለኛው አይለጠፍም፣ የውስጡ ጎማ ይቀየራል።

የውጩ ጎማ ጎኑ ከተሰነጠቀ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የታጠፈ የወረቀት ገንዘብ ከውስጥ ደግፈው በቀስታ እስከ ጥገና ቤት መድረስ ይቻላል።

መንቀል ግድ ከሆነ የሞተሩን ገመድ መገናኛ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይለያዩ። የዘንጉ ዳዶዎች በአብዛኛው በ18 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው። ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዘው ባለ ጥርስ ሳህን በየትኛው አቅጣጫ እንደነበር ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ በትክክል ሳይገባና ዳዶው በደንብ ሳይጠብቅ ከሄዱ ዘንጉ በሞተሩ ጉልበት ዞሮ ገመዱን ይቆርጣል። ጎማው ወጥቶ ሳለ የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን እጀታን አይጫኑ፤ የፍሬን ሸራዎቹ ተጣብቀው ዲስኩን መልሰው አያስገቡም።

ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጎማውም ይንገዳገዳል

የቸርኬ ሽቦ ተሰብሯል፤ ዕቃ በሚጫንበት ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የኋላው ነው። የተሰበረውን ሽቦ በአጠገቡ ባለው ላይ ጠምጥመው ያስሩ፣ የቻሉትን ያህል ክብደት ከኋላ ያንሱ፣ የሞተሩን እገዛ ዝቅ አድርገው ይቀጥሉ። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነና ጎማው እየነካው ከሆነ ፍሬኑን በመጠኑ ያላሉ፤ በዲስክ ፍሬን ይህ ችግር የለም። ሁለተኛ ሽቦ ከተሰበረ ግን መጋለብ ቢቀር ይሻላል።

ሞተሩ እየሠራ ይቋረጣል፣ ወይም ጭራሽ አይሠራም

የሚቋረጠው ዳገት ላይ ከሆነና ትንሽ ሲያርፍ የሚመለስ ከሆነ ባትሪው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ከባድ ጭነት ከባትሪው ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ለጊዜው ይወርዳል፣ የባትሪው መቆጣጠሪያም ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። የተለመደው ባለ 48 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 54.6 ቮልት፣ ባለ 36 ቮልቱ ደግሞ 42 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 39 እና ወደ 30 ሲወርዱ አልቀዋል ማለት ነው። እገዛውን ዝቅ፣ ማርሹን ቀላል አድርገው ፔዳሉን በፍጥነት ይምቱ። በጎማ መሃል ያለ ሞተር ዳገት ላይ በጣም በዝግታ ሲሄድ ከሚሠራው ይልቅ የሚያሞቀው ስለሚበዛ በእጅ የማይነካ ከሆነ ይቁሙና ይቀዝቅዝ።

ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ባትሪው በቦታው በትክክል አልተቆለፈም ወይም የመገናኛ ነጥቦቹ ቆሽሸዋል። ስክሪኑ እየሠራ ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ በጎማው ሽቦ ላይ የታሰረችው ማግኔት ፍጥነቱን ከሚለካው ሴንሰር ፊት ዞራለች፤ ቦርሳ ሲታሰር ወይም ሲፈታ በቀላሉ ትነካለች። በባፋንግ ሞተሮች ላይ 21፣ በቦሽ ላይ 503 የሚለው የስህተት ቁጥር ይህንኑ የፍጥነት ሴንሰር ችግር ያመለክታል። ማግኔቷን ከሴንሰሩ ትይዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ መልሰው ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስክሪኑ ምንም ስህተት ሳያሳይ ሞተሩ ካልተነሳ የፍሬን እጀታዎቹን ይፈትሹ፤ በብዙ ብስክሌቶች ላይ እጀታው ሲያዝ ሞተሩ ስለሚጠፋ፣ በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ እጀታውን በትንሹ ቢጫነው እንኳን ሞተሩ አይሠራም።

ሰንሰለት ከተበጠሰ የሞተሩ ቦታ ልዩነት ያመጣል። በጎማ መሃል ያለ ሞተር የእጅ ፍጥነት መስጫ ካለው ያለ ሰንሰለትም ይነዳል፤ ሰንሰለቱን ጠቅልለው ያስሩና ይሂዱ። በፔዳሉ መሃል ያለ ሞተር ግን ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በሰንሰለቱ በመሆኑ ለማርሽዎ ብዛት የሚስማማ ፈጣን የሰንሰለት መቀጠያ ካልያዙ የሚቀረው መግፋት ነው።

ከመውደቅ በኋላ

መሪው ከፊት ጎማው ጋር መስመሩን መያዙን፣ የፍሬን ዲስኩ አለመጣመሙን፣ የኋላ ማርሽ ቀያሪው ወደ ሽቦዎቹ አለመግባቱን ይመልከቱ፤ የመጨረሻው ሳይታይ ቢቀር በመጀመሪያው ዳገት ቀላሉን ማርሽ ሲያስገቡ ጎማውን ይሰብረዋል። ከዚያ ባትሪውን ይዳስሱ። ሽፋኑ ብቻ ተፍቆ ከሆነ መሄድ ይችላሉ፤ የተሰረጎደ ከሆነ ግን አይጠቀሙበት፣ ባለሙያ ሳያየውም አይሙሉት። ያበጠ፣ ያለምክንያት የሞቀ፣ የሚፍለቀለቅ ድምፅ ወይም ያልተለመደ ጣፋጭ መሰል ሽታ ያለው ባትሪ በብስክሌቱ ላይ አይቀመጥም። እስካልጨሰ ድረስ ነቅለው ከሰው፣ ከሣርና ከሌላ ዕቃ አርቀው በባዶ መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ መጨስ ከጀመረ ለቦርሳውም ሆነ ለብስክሌቱ ሳይሳሱ ይራቁና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።