ሶል መዝፈን ለምትጀምሩ፦ ከጌጡ በፊት ሥሩን ያዙ

ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ መዝፈን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከርግብግቢቱ ነው፣ አንዷን ቃል አስር ቦታ ይሰባብራታል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጮሃል፣ በቃ ሶል የዘፈነ ይመስለዋል። ያ ግን ጌጡ ነው። ሥሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እሱን ሳትይዙ ሲንግል (ነጠላ ዘፈን) ልልቀቅ ብትሉ የምትለቁት የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚሆነው፣ ስለዚ ከማዳመጥ ጀምሩ።

የምትወዱትን አንድ ዘፋኝ ብቻ ምረጡና ማንን እየሰማ እንዳደገ ፈልጉ፣ ከዛ ደሞ ያኛው ማንን ይሰማ እንደነበር፣ እንደዛ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለት ሶስት ሰው ስትሻገሩ አብዛኛውን ጊዜ የምትደርሱት የጥቁር አሜሪካውያን ቸርች ውስጥ ነው። ሳም ኩክ በ1957 በዓለማዊ ዘፈን ከመታወቁ በፊት ሶል ስቲረርስ ከሚባል የጎስፔል (የቸርች መዝሙር) ቡድን ጋር ለዓመታት ዘምሯል። ሬይ ቻርልስ በ1954 የጎስፔል ዜማ ወስዶ የፍቅር ግጥም ሲያለብሰው የተቆጡ ምእመናን ነበሩ፣ ዛሬ ሶል የምንለው ነገር ግን ከዛ ድፍረት ብዙ ወስዷል። የአሬታ ፍራንክሊን አባት ዲትሮይት ውስጥ ሰባኪ ነበር፣ እሷም በልጅነቷ የዘመረችው እዛው እሱ ቸርች ነው። አውራጅና ተቀባይ ሆኖ መዝፈን፣ ቃል ሲያልቅ በማጉረምረም መቀጠል፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ መፈንዳት፣ ይሄ ሁሉ ከዛ የመጣ ነው።

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ፣ ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። "ሪስፔክት" (አክብሮት) የሚለውን ዘፈን መጀመሪያ ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ያወጣውን ስሙ፣ ወዲያው ቀጥላችሁ አሬታ በ1967 ያወጣችውን። እሱ ጋ ከስራ ደክሞ ቤቱ የገባ ወንድ ነው የሚለምነው፣ እሷ ጋ ግን ሴቷ የሚገባትን ነው የምትጠይቀው፣ ቃሉን ፊደል በፊደል የምትቆጥርባት ቦታ እሱ ጋ የለችም፣ ከኋላ የሚቀበሏት ደሞ የገዛ እህቶቿ ናቸው። ወረቀት ያዙና ምን ምን እንደቀየረች አንድ በአንድ ጻፉ፣ ቴምፖውን (ፍጥነቱን)፣ ተቀባዮቹን፣ የቱ ቃል ላይ እንደምትጫን፣ የት ጋ ዝም እንደምትል። ኮቨር (የሌላ ሰው ዘፈን) ስትሰሩም ራሳችሁን ጠይቁ፣ እኔ ይሄን ለማን ነው የምለው? መልስ ካጣችሁ ሌላ ዘፈን ምረጡ።

ከዛ ወደ ድምፃችሁ። ግጥሙን መጀመሪያ ለአንድ ሰው እንደምታወሩት አርጋችሁ ተናገሩት፣ ቀጥላችሁ ያለ ምንም ርግብግቢት ዜማውን ብቻ ዝፈኑት፣ ባዶውን ካልነካ ጌጥ አያድነውም። ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ እያጨበጨባችሁ ተለማመዱ፣ ብዙ ጀማሪ አንደኛውና ሶስተኛው ላይ ያጨበጭብና ግሩቩ (የምቱ ፍሰት) ይጠፋበታል። ኪዩን (የዘፈኑን የድምፅ ከፍታ) ለራሳችሁ አውርዱት፣ በሰው ኪይ መታገል ጉሮሮ ያቆስላል። ድምፃችሁ ሻክሮ ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ጋ ሂዱ እንጂ በላዩ ላይ አትዝፈኑበት።

እድሜዬ አልፏል የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ አትተዉት። ቢል ዊዘርስ የመጀመሪያ አልበሙ በ1971 ሲወጣ 30ን አልፎ ነበር፣ የፋብሪካ ስራውንም ቶሎ አልለቀቀም ምክንያቱም የሙዚቃ ገቢ አያስተማምንም ብሎ ነው። ሻሮን ጆንስ የእስር ቤት ጠባቂ ሆና ሰርታለች፣ ዳፕ ኪንግስ ከሚባለው ባንድ ጋር የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው በ2002 ነው፣ የተወለደችው ደሞ በ1956። ቻርልስ ብራድሊ ለዓመታት ታዋቂውን የሶል ዘፋኝ ጄምስ ብራውንን እያስመሰለ ሲዘፍን ኖሮ በ2011 በ62 ዓመቱ በራሱ ስም አልበም ሲያወጣ የዘፈነው የራሱን መከራ ነበር፣ እኔ እሱን ስሰማ አሁንም አይኔ ይሞላል።

ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ዘፈኑን ሰው ፊት ደጋግማችሁ ዝፈኑት። ቤዝ፣ ድራም፣ ጊታርና ኦርጋን ይበቃል፣ ልምምዱን በስልክ ቅዱና በማግስቱ ስሙት፣ የዛኑ ቀን ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ሁሌም አንድ ያለቀለት የራሳችሁ ዘፈን ይኑራችሁ፣ ኦቲስ በ1962 ሜምፊስ ስታክስ ስቱዲዮ የሄደው ለሌላ ሰው ቀረፃ ነበር፣ መጨረሻ ላይ በተረፈው ሰዓት የራሱን ዘፈን ዘፈነና እዛው ቀዱት።

ሌላው የወረቀት ነገር ነው። የግጥምና ዜማው መብትና የተቀዳው ድምፅ ማለትም የማስተሩ መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንዱን ስትሰጡ ሌላውንም የሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ፣ ኮንትራት ሲመጣም ለስንት ዓመት እንደሆነ ሳታዩ አትፈርሙ። እኔ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በቃል ብቻ ተስማምተን የሰራነው ዘፈን አለ፣ በጣም የምወደው፣ ድርሻው ላይ ስላልተስማማን እስካሁን አልወጣም። ስለዚ ገና ስቱዲዮው ውስጥ እያላችሁ፣ ሳትበተኑ፣ ማን ስንት ፐርሰንት እንዳለው ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት።