የደቻቱ ደን ካርታችሁ ላይ ለምን ተበጣጠሰ? ችግርና መፍትሄ

ከድሬ ወደ ሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ደኑ እንደሳሳ ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልገውም። ምን ያህል እንደቀረ፣ የቀረውስ ስንት ቦታ እንደተቆራረጠ ለማወቅ ግን ያስፈልገዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከዚያው ተራራ ነው የወረደው፤ ስለዚህ ይህን ተፋሰስ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚመርጥ ተማሪ ቢኖር አይገርምም። ችግሩ ካርታ ላይ የምታዩት መቆራረጥ ሁሉ የመጥረቢያ ሥራ አለመሆኑ ነው። ገሚሱን ያመጣው የራሳችሁ አሠራር ነው። አማካሪያችሁ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

የደን ቁራሹ ብዛት በአስር ሺዎች ወጣ

አትደንግጡ። የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 30 በ30 ሜትር ነው። ገደል ላይ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ትልቅ ግራር አንድ ፒክስል «ደን» ታስብላለች፣ ቁራሾቹን የሚቆጥረው ፕሮግራም፣ ፍራግስታትስ፣ ደግሞ የሰጣችሁትን ነው የሚቆጥረው። የኢትዮጵያ የደን ትርጉም ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ሽፋን ይጠይቃል። ግማሽ ሄክታር ማለት በላንድሳት አምስት ተኩል ፒክስል ገደማ ነው። ስለዚህ ከ6 ፒክስል በታች የሆነውን በካርታ ፕሮግራሙ በኪውጂአይኤስ የሲቭ (ወንፊት) መሣሪያ አጥፉት፣ ከዚያ ቁጠሩ። በሁሉም ዓመት ላይ ያው ገደብ ይሁን። ጎረቤት ፒክስልን በ4 አቅጣጫ ነው ወይስ በ8 የምትቆጥሩት የሚለውንም ወስኑና ጻፉት፤ የወንዝ ዳር ዛፍ በሰያፍ ስለሚሄድ በ4 ከቆጠራችሁት አንዱ መስመር ሃያ ቦታ ይበጠሳል።

ደኑ ጨምሯል ይላል

አቦ፣ ይሄ ደን አይደለም፣ ጫት ነው።

በዚህ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ደመና እንዳያስቸግር ብላችሁ የታኅሣሥ ወይም የጥር ምስል ትወስዳላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን በዚያን ጊዜ ሣሩ ደርቋል፣ ማሽላው ታጭዷል፣ ግራሩም ቅጠሉን አራግፏል፤ ደጋው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጥድና ወይራው፣ ባህር ዛፉ፣ እና ውሃ የሚጠጣው ጫት ነው። በኤንዲቪአይ (በአረንጓዴነት መለኪያ) ብቻ ከለያችሁ ሁሉም አንድ ላይ «ደን» ይሆናሉ። ታች ቆላው ላይ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ አለ፣ እሱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ውጤቱ አሳፋሪ ነው፦ ጥዱ ተቆርጦ ጫት የተተከለበት ቁልቁለት ካርታችሁ ላይ «ያልተነካ ደን» ተብሎ ይወጣል።

መፍትሄው ጫትን ከመጀመሪያው ለብቻው መደብ ማድረግ ነው። ጥድ በቅርብ ኢንፍራሬድ (ዓይናችን በማያየው ብርሃን) ጠቆር ይላል፣ ጫት ግን ሰፊ ቅጠል ስለሆነ ደመቅ ይላል፤ ይህ ባንድ (ሳተላይቱ ብርሃኑን ከፋፍሎ ከሚቀርጽባቸው ንብርብሮች አንዱ) ለላንድሳት 5 አራተኛው፣ ለላንድሳት 8 አምስተኛው፣ ሴንቲኔል-2 ለሚባለው ሌላው ሳተላይት ስምንተኛው ነው። ጫት በየጊዜው ስለሚለቀም አረንጓዴነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጥዱ ግን አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ ምስል ሳይሆን የዓመቱን ተከታታይ ምስል የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት በሚሠራበት በጉግል ኧርዝ ኢንጂን አውጡና ልዩነቱን እንደ ተጨማሪ ባንድ አስገቡት። ከዚያ መሬት ላይ ውረዱ። የማረጋገጫ ነጥብ አስፋልት ዳር ብቻ አትልቀሙ። ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ጂፒኤስ ይዞ ጫት መሃል የሚዞር ሰው የግብር ሰው ነው የሚመስለው።

ደኑን ትይዩ መስመሮች ሰነጣጥቀውታል

ላንድሳት 7 ነው። ግንቦት 1995 ዓ.ም. ላይ (በፈረንጅ 2003) አንድ መሣሪያው ተበላሽቶ ከዚያ ወዲህ ምስሉ ባዶ መስመር አለው። የጎርፉን ዓመት የምትፈልጉ ሰዎች እዚህ ትያዛላችሁ። የላንድሳት 5 ጥርት ያለ ምስል ካለ እሱን ውሰዱ፣ ከሌለ የአንድ በጋ ብዙ ምስሎችን ደርቡና መካከለኛውን ዋጋ ያዙ። በአንድ ምስል ብቻ የቁራሽ ብዛት አትቁጠሩ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ መቆራረጡ ብዙ እጥፍ ሆነ

ድሮውን በላንድሳት፣ አሁኑን በሴንቲኔል-2 ሠርታችሁ ይሆናል። 10 ሜትር የሚያይ ዓይን 30 ሜትሩ የማያየውን ክፍተት ሁሉ ያያል። ሴንቲኔሉን ወደ 30 ሜትር አውርዱና እንደገና አወዳድሩ። ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ቅር ይላችኋል፣ ግን እሱ ነው እውነተኛው።

ገደላ ገደሉ ላይ ደን ይጠፋል ወይም ይፈጠራል

ጥላ ነው። ሳተላይቶቹ የሚያልፉት ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ገና በምሥራቅ በኩል ሳለች ነው፣ በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ የዞረው የደንገጎ ገጽ ይጨልማል። ዓመታቱን ስታወዳድሩ ወሩ አንድ ይሁን፣ በኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃም የብርሃኑን ልዩነት አስተካክሉ።

ተፋሰሱ መሃል ላይ ቀጥ ያለ ስፌት አለ

ድሬዳዋ ከ42 ዲግሪ ምሥራቅ በስተምዕራብ፣ ሐረር በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ አንዷ በ37ኛ ዞን፣ ሌላዋ በ38ኛ ትወድቃለች። ለደቻቱ 37ን፣ ለሐረሩ ኤረር 38ን ያዙ። የተመደበ ካርታ ዞን ስትቀይሩ «የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ምረጡ፣ ሌላው የሌለ መደብ ይፈጥራል። የድሮ የወረቀት ካርታ ካስገባችሁና ሁሉም ነገር ከመቶ ሜትር በላይ ከተንሸራተተ ደግሞ አዲንዳን የሚባለውን ዳተም (የድሮው ካርታ ልኬት የተነሳበትን መነሻ) ረስታችሁታል ማለት ነው።

ውስጠኛ ደን ዜሮ ሆነ

ውስጠኛ ደን ማለት ከጠርዙ የተወሰነ ርቀት (የጠርዝ ጥልቀት) ገባ ያለው ክፍል ነው። የጠርዝ ጥልቀት 100 ሜትር ሰጥታችሁ ይሆናል፣ ለሰፊ የዝናብ ደን የተጻፈ ጽሑፍ አይታችሁ። ሦስት ሄክታር ቁራሽ በየጎኑ 170 ሜትር ገደማ ነው። ከሁለቱም ወገን መቶ መቶ ሲቀነስ ምን ይተርፋል? በ30፣ በ60 እና በ90 ሜትር ሠርታችሁ ሦስቱንም በአንድ ሰንጠረዥ አቅርቡ። በ30 ሜትርም ዜሮ ከሆነ ያን ጊዜ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ።