በሙቀት ብቻ የሚሠራ የጋዝ ፓምፕ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ ከሚወዱ ተማሪዎች ጋር ስቀመጥ የክኑድሰን ፓምፕ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ሞተር የለውም፤ የሚሽከረከርም ሆነ የሚርገበገብ ነገር የለውም። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ግድግዳ በአንድ ወገን ሲሞቅ፣ በሌላው ሲቀዘቅዝ ጋዙ በራሱ ይሄዳል። ክስተቱን እ.ኤ.አ. በ1879 ሳይንቲስቱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ አጠና። ፓምፕ ያደረገው ዴንማርካዊው ማርቲን ክኑድሰን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አቅጣጫው ላይ ነው። ብዙዎች አየሩ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው የሚሸሽ ይመስላቸዋል። የሚሄደው ግን ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ነው። ግፊቱ እኩል ሲሆን በቀዝቃዛው በኩል ሞለኪውሎቹ ጥቅጥቅ ይላሉ፤ ወደ ቀዳዳው የሚገቡትም እነሱ ይበዛሉ። የሙቆቹ ፍጥነት ይህን አያካክስም።

ሁለተኛው ልብ ይሰብራል። አንድ ተማሪ የተሰበረ እንስራ ገል ጠርሙስ አፍ ላይ ለጥፎ አመጣ። ከጠርሙሱ በወጣ የጉሉኮስ ቱቦ ውስጥ አንዲት ቀይ የውኃ ጠብታ አለች። ሻማ ሲያስጠጋ ጠብታዋ ሮጠች፤ ሁላችንም አጨበጨብን። ሻማው ሲጠፋ ግን ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ለካ የገፋት በሙቀት የተስፋፋው አየር ነው። እውነተኛ ፓምፕ የሙቀት ልዩነቱ እስካለ ድረስ ይነፍሳል። ስለዚህ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠብታዋን ማየት።

ገሉም ራሱ ጣጣ አለው። እንስራ ላብ ቢያወጣም ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው ለዚህ ሥራ ሰፊ ናቸው። በባሕር ጠለል አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ሳይጋጭ የሚጓዘው 70 ናኖሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ 90 ይጠጋል፤ ደጋው ትንሽ ያግዘናል። ቀዳዳው ከዚህ ብዙ መብለጥ የለበትም። ለዚህ ነው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ቁሶች፣ ኤሮጄልና ዜዮላይት፣ የሚመረጡት።

ሁሉንም ወገን ማሞቅም ዋጋ የለውም፤ ቀዝቃዛው ወገን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይ። ዳር ዳሩን በሰም አትድፈኑ፣ ይቀልጣል።

ሌላው በሴልሺየስ ማስላት ነው። 27 እና 327 ዲግሪን አካፍሎ 12 እጥፍ የሚል አለ። በኬልቪን 300 እና 600 ናቸው፤ የሁለቱ ወገኖች የግፊት ጥምርታም ቢበዛ የ2 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.4 ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ከተፈለገ እንዲህ ያሉ ፓምፖችን እንደ ደረጃ አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ ነው። በየመሃሉ ጋዙ በሰፊ ቱቦ አልፎ እንደገና መቀዝቀዝ አለበት። ባለ ገሉ ልጅ አሁን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው፦ ሁለተኛውን ደረጃ በምን ያቀዝቅዘው?