ሲቪያችሁ ከክምሩ እንዲወጣ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ጁኒየር አካውንታንት ፈልገን ማስታወቂያ ስናወጣ ኢሜይላችን ወዲያው ይጨናነቃል። ማመልከቻውን አንብቤ የምለየው እኔ ነኝ። ዲግሪው ያው ነው፣ ነጥቡም ይቀራረባል። የመውጫ ፈተናውንም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ ሁሉ ወስዶታል። ታዲያ ሰው በምን ይለያል?

መጀመሪያ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ይሄም ምክር ሆኖ ነው እንዳትሉኝ። የሥራ መደቡን በኢሜይሉ ርዕስ ላይ ጻፉ ብለን ለምነን፣ ብዙ ሰው ርዕሱን ባዶ ትቶ ይልካል። ዲግሪው በአንድ ፎቶ፣ ስቱደንት ኮፒው በሌላ፣ ሲቪው ደግሞ ተንጋዶ። ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ በስልክ ስካን የሚያደርግ ነጻ አፕ ሞልቷል። ፋይሉን በራሳችሁ ስምና በመደቡ ሰይሙት። "ሲቪ ፋይናል" የሚል ፋይል አውርጄ መልሼ ስፈልገው አላገኘውም፤ "ሲቪ ፋይናል" የላከው ብዙ ነዋ።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራው ሲቪ እንደ ሰርግ ካርድ ነው፤ ስሙ ብቻ ይቀየራል። ታታሪ፣ በቡድን የሚሠራ፣ ጫና የማይበግረው። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣና የማመልከቻ ደብዳቤውን ሁሉ አንድ ሰው የጻፈው አስመሰለው። ተጠቀሙበት፣ አልቃወምም። ግን ስማችሁን አጥፍታችሁ የጓደኛችሁን ስም ብትጽፉበትም የሚያስኬድ ደብዳቤ ከሆነ እንደገና ጻፉት።

"ልምድ የለኝም" የምትሉ ደግሞ ስሙኝ። አንዲት አመልካች የሰፈሯን ዕቁብ መዝገብ ትይዝ ነበር። አባሉ ስንት እንደሆነ፣ ሳይከፍል የቀረ ሲኖር እንዴት እንደምትመዘግብ በሦስት መስመር ሲቪዋ ላይ አስፍራለች። ለፈተና ጠራናት። የዘመድ ሱቅ ዕቃ ቆጠራ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሂሳብ፣ ኢንተርንሺፕ ላይ የሠራችሁት የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ሁሉም ሥራ ነው። "ፒችትሪ እችላለሁ" የማይል አመልካች የለም፤ የሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌሩን ማለቴ ነው። "የአንድ ሱቅ የወር ግዥና ሽያጭ በፒችትሪ መዝግቤ ሪፖርት አውጥቻለሁ" የሚለው ግን ጥቂት ነው። ያልሠራችሁትን እንዳትጽፉ ብቻ፤ ኮምፒውተሩ ፊት እናስቀምጣችኋለን።

ሰው በደንብ የሚለየው ፈተናው ላይ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የደመወዝ ስሌት እናሠራለን። ጡረታ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ እንደሆነ አብዛኛው ያውቃል። የሥራ ግብሩ ላይ ሲደርሱ ግን ከግብር ነጻ የሆነው የመጀመሪያው 600 ብር ነው ብለው የሚጀምሩ አሉ፤ ክፍል ውስጥ የተማሩት እሱን ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ 2,000 ብር ሆኗል። አዲሱን ሰንጠረዥ ሸምድዶ የመጣ ልጅ ፊት "ሙያዬን እወዳለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ምን ያደርጋል? የእናንተ ሙያ ሌላ ቢሆንም ከተመረቃችሁ ወዲህ የተቀየረ መመሪያ ወይም ሶፍትዌር አይጠፋም። እሱን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ስልክም ያስጥላል። ደውዬ "ለየትኛው መደብ ነበር? ብዙ ቦታ ስላመለከትኩ ነው" ስባል እውነቱን ነው እላለሁ፣ ግን ደስ አይለኝም። የት፣ ለምን መደብ፣ መቼ እንዳመለከታችሁ በደብተር ያዙ። የቤተሰብ ቁጥር ከሰጣችሁም ንገሯቸው። አንድ እናት አንስተው ስለ ልጃቸው እሱ ራሱ ቃለ መጠይቅ ላይ ከተናገረው የበለጠ አስረድተውኛል።

ሥራ ላይ ያላችሁ የልምድ ደብዳቤያችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት አስጽፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣል። ብዙ ቀጣሪዎች ደግሞ ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር መከፈሉ እንዲጠቀስ ይፈልጋሉ።

"ሁሉም በዘመድ ነው" ትሉኛላችሁ። የለም ብዬ አልዋሽም። እኛም ጋ "የእገሌ ልጅ ናት፣ እያት" የሚል ስልክ ይመጣል። አያታለሁ፤ ፈተናውን ግን ዘመድ አይሠራላትም። እናንተም ሥራ እየፈለጋችሁ መሆኑን ለምታውቁት ሁሉ ተናገሩ፣ በተለይ ኢንተርንሺፕ ላይ አለቃችሁ ለነበረው ሰው። "አስገባሃለሁ፣ ብቻ ይህን ያህል አምጣ" ለሚል ደላላ ግን አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡ።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ "ጥያቄ አላችሁ?" ስንል ዝም አትበሉ። "የወሩን ሂሳብ በስንተኛው ቀን ነው የምትዘጉት?" ብላችሁ ብትጠይቁ የፋይናንስ ኃላፊያችን ቀና ብሎ ያያችኋል። ደመወዝ ስትጠየቁም "በድርጅቱ ስኬል" ብላችሁ አትለፉት። በተመሳሳይ መደብ ላይ ያሉ ሰዎችን አስቀድማችሁ ጠይቁና "ከዚህ እስከዚህ" በሉ። ከዚያ ሳምንት ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ደውሉ። በየቀኑ የሚደውል ሰው ስሙን አስታውሰዋለሁ፣ ግን በበጎ አይደለም።